ባለ መታወቂያው ይምጣ

መታወቂያዋን ለማሳደስ ቀበሌ ስትመላለስ አራተኛ ቀኗ ነው። ፎቶው ከአምስት ዓመት በፊት፣ ሰው ሁሉ ወንድ ልጅ ይላት በነበረ ጊዜ የተነሣችው ነው። የፓስፖርት ቀጠሮዋ ደግሞ ዓርብ ነው።

ጸሐፊዋ ፎቶውን አየች፣ እሷን አየች፣ መታወቂያውን በመስኮቱ መለሰችላት።

«ነገርኩሽ እኮ እህቴ! ባለ መታወቂያው፣ ይትባረክ፣ ራሱ ይምጣ። ወንድምሽ መሆኑማ መልክሽ ያስታውቃል።»

«እኔው ነኝ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ከኋላዋ ሰልፉ ጆሮውን አቁሟል። ዋጠችውና እንባዋ ሳይወርድ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት፣ ስንት ዓመት ያሳደገችውን ጸጉር ሙልጭ አድርጋ ተላጨች። የድሮ ኮቷን ከሻንጣ ሥር አውጥታ ለበሰች፣ ድምጿን ጎርነን አድርጋ መስኮቱ ላይ ቆመች።

«አየህ፣ ራስህ ስትመጣ ደቂቃ አልፈጀም!» አለች ጸሐፊዋ ማኅተሙን እየመታች። መታወቂያውን ስትሰጣት ግን ቶሎ አልለቀቀችውም።

«እህትህን አሳዘንካት። ትናንት እንባዋን ይዛ ነው የሄደችው። እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ በአንተ ጉዳይ ከምትንከራተት፣ ሂድና ውክልና ስጣት።»