የመጨረሻው የደም ካሳ

ስንሻው በእርሻ ድንበር ጠብ ጎረቤቱን አንዷለምን በዱላ መትቶ ገደለው። እስሩን ጨርሶ ሲወጣ ሽማግሌዎች በአንድ ዓመት ውስጥ በአራት ጊዜ የሚከፈል ሰማንያ ሺህ ብር የደም ካሳ ፈረዱበት። የሟች ወንድም ሙላትም ካሳውን ከተቀበለ ደም ላይመልስ መስቀል ጨብጦ ማለ።

ከዚያ ወዲህ የስንሻው ቤት ዘይት አላየም። በሬዎቹ ተሸጡ። እሱ በሰው ማሳ በቀን ሥራ ሲውል፣ ሚስቱ የሻረግ ጤፉን ለገበያ እያወጣች ለልጆቿ ንፍሮ ትቀቅል ነበር። ትንሿ ልጅ በታመመች ጊዜ የሻረግ ከካሳው ብር ለመድኃኒት ሁለት መቶ አነሳች። ስንሻው በጥፊ መታትና አፏ ደማ።

«ልጄ ትሙትልህ?» አለችው ደሟን እየጠረገች።

«ይህ ብር ከጎደለ ሁላችንም ነን የምናልቅ!» ብሎ ጮኸባት። ወዲያው ግን እግሯ ላይ ወድቆ አለቀሰ። ብሩንም መልሶ አስጨበጣትና፣ ጎደሎውን እስኪሞላ ድረስ በቀን አንዴ ብቻ እየበላ ከረመ።

ዓመቱ ሲሞላ ሚስቱን ከአጥር ውጭ አቁሞ፣ የመጨረሻውን ሃያ ሺህ ይዞ ወደ ሙላት ቤት ገባ። ሙላት ብሩን ቆጥሮ ተቀበለው።

«ጨረስህ፤ በል አረፍ በል» አለው።

ስንሻው ተቀመጠ። ከእስር ከወጣ ጀምሮ እንደዚያ ቀን እፎይ ብሎ አያውቅም።

ሙላት ወደ ጓዳ ገብቶ አዲስ ጠመንጃ ይዞ ወጣ።

«እኔ ድሃ ነኝ ስንሻው» አለ አፈሙዙን ወደ ስንሻው ደረት እያዞረ። «ይህን የገዛሁት አንተ ባመጣህልኝ ብር ነው።»

የሻረግ ተኩሱን ስትሰማ ለዕርቁ ደስታ የተተኮሰ መሰላት። እልል አለች።