በበቆሎው መሀል

በበቆሎው መሀል ኦቾሎኒ እንዝራ ስትለው ባሏ አሻፈረኝ አለ። «መሬት አንድ፣ አፍ ሁለት! በቆሎዬን ልታቀጭጪብኝ ነው?»

«አይሻሙም፣ የፈቲያ አባት። አንዱ ላይ ያፈራል፣ አንዱ ከአፈር ስር። እንዲያውም ኦቾሎኒው መሬቱን ያፋፋለታል።»

ብቻዋን ዘራች፤ ወገቧ እስኪቆረጥ አረመች፣ ነቀለች። በቆሎው ሳይጎድል ሦስት ጆንያ ኦቾሎኒ ተገኘ።

ባሏ ጆንያዎቹን ባቢሌ ገበያ ወሰዳቸው። ለሚያፈሰው ጣሪያ ቆርቆሮ ይዞ ይመጣል ብላ በር በሩን ስታይ ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን መጣ። ከኋላው አንዲት ልጅ እግር ሴት፣ አዲስ ሻሽ አስራ፣ እጇን ሂና ተቀብታ፣ ጓዟን እንደያዘች ቆማለች።

«ምን ይገትርሻል?» አላት ሚስቱን። «አይሻሙም ያልሽኝ አንቺው አይደለሽ?»