የግድግዳው አኒሜ

አዲሱ የአኒሜ፣ የጃፓኑ ካርቱን፣ ምዕራፍ በወጣበት ቅዳሜ ጠዋት፣ ደሴ ላይ መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ከቤቱ አራት የፊልም ማያ መነጽሮች ቻርጅ የቀረው የማህደር ብቻ ነው።

መነጽሩ የተመልካቹን ልብ እያነበበ ታሪኩን በልኩ ስለሚሠራለት፣ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ክፍል አይቶ አያውቅም። ማህደርና ወንድሟ ናትናኤል አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ እሷ ስትስቅ እሱ ያለቅሳል። «እንዴት ነበር?» ስትለው መልሱ ሁሌም «የኔ አሪፍ ነበር» ነው። ወሬው እዚያው ያልቃል።

«ዛሬማ ብቻሽን አታይም!» ብሎ ናትናኤል መነጽሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ምስሉን እዚያ ላይ አበራው።

«ለማን ልብ ልሥራው?» ሲል መነጽሩ ጠየቀ።

«ለሁላችንም ነዋ!» አሉ አባታቸው አቶ ዘገየ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል።»

የመጣው ጉድ ነበር። ናትናኤል የሚወደው ሰይፈኛ፣ እናታቸው በሚመኙት ሠርግ መሃል፣ አባታቸው የሚወዱትን ኳስ ሲያንከባልል፣ ከየት እንደመጣች ያልታወቀች ፍየል ሙሽራዋን አዝላ በረረች።

«ምን ዓይነት የማይረባ ነገር ነው!» አለች ማህደር፣ ሆዷን ይዛ እየሳቀች። አራቱም አብረው ሲስቁ ስትሰማ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

ከሰዓት መብራት መጣ። መነጽሮቹን ቻርጅ ላይ የሰካ ግን አልነበረም።

«ቆይ፣ ያቺ ፍየል ሙሽሪትን ወዴት ወሰደቻት?» አሉ እናታቸው ከጓዳ።

ከሳሎን ሦስት ሰው በአንዴ፣ ሦስት ዓይነት መልስ ይዞ ተንጫጫ።