የእታለም ስክሪን

"ወንድምዓለም... እባክህ ይሄን ነገር መልስልኝ። ፊደሎቹ ጉንዳን ሆኑብኝ!"

እታለም ናት። የቢሯችን ጸሐፊ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ኪቦርድ ላይ የኖረች ሴት።

ስሟ ይሄ አይደለም... ግን ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠራት።

እኔ ደግሞ የዚያው ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ።

አዎ... ይሄን ፔጅ የማስተዳድረው ሰውዬ። ሁሌ የሰው ታሪክ እያመጣሁ ምክር አበዛባችኋለሁ አይደል? ዛሬ የራሴን ስሙ።

በዚያ ሳምንት ለቢሮው ምስሉን ወደ ስክሪን የሚልኩ አዳዲስ ግራፊክስ ካርዶች ተገዝተው ነበር።

የሥራ አስኪያጁ ስክሪን አዲስ ስለሆነ ሪዞሉሽኑን፣ የምስሉን ጥራት ማለቴ ነው፣ እስከ ጥግ ከፍ አደረግኩለት። ምስሉ ጥርት አለ።

"አንተማ ጉደኛ ነህ!" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ልቤ አበጠ።

"የሁሉንም እንደዚህ አደርገዋለሁ!" አልኩ።

የእታለም ስክሪን ግን አሮጌ ነው። ያንን ያህል ሪዞሉሽን አይችልም።

ምን ቸገረኝ... የካርዱ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ በግድ ጫንኩበት።

ስክሪን ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ፊደሉ ያንሳል፣ ጠርዙም ይደበዝዛል። 3 እና 8 ቁርጥ መንትያ ይሆናሉ።

ይሄን አውቃለሁ። ሙያዬ ነዋ!

"እታለም፣ ስክሪኑ ምንም አልሆነም። ይልቅ ዓይንሽን ታይተሽ ታውቂያለሽ?" አልኳት።

አጠገባችን የነበሩት ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች።

መመለስ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር... ግን ከመለስኩት አለቃዬ ፊት የፎከርኩት ሁሉ ከንቱ ሊሆን ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ጉድ ፈላ።

ሥራ አስኪያጁ የጥሪ ደብዳቤ ረቂቅ ፎቶ አንስቶ በኢሜይል ላከላት። ከስክሪኑ ላይ እያየች ጽፋ ለእንግዶቹ በተነችው። ስብሰባው በ13 ነው... ደብዳቤው ግን በ18 ብሎ ወጣ።

በ13 ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ አዳራሽ ገባ።

አርባ ወንበር... አንድ ሰው።

ከሰዓት በኋላ ሁለታችንንም ቢሮው አስጠራን።

"ኮምፒውተሩ ችግር አለበት እንዴ?" ብሎ መጀመሪያ እኔን ጠየቀኝ።

"እ..." ብዬ ሳልጨርስ...

"የለበትም" አለች እታለም። "ዓይኔ ነው... ደክሟል።"

እኔስ?

ዝም አልኩ።

እስኪ አስቡት... "ጥፋቱ የእኔ ነው" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ዝም አልኩ!

በማግስቱ እታለም ምድር ቤት ወዳለው ስቶር ተዛወረች። ካርቶን ቆጣሪ ሆነች። ወንበሯ ላይ ሌላ ጸሐፊ ተቀጠረች።

ለአዲሷ ጸሐፊ... ማንም ሳያየኝ ሪዞሉሽኑን ዝቅ አደረግኩላት።

እታለም ከዚያ ወዲህ መነጽር ማድረግ ጀመረች።

እውነቱን ልንገራችሁ? መነጽሩን ሳይ ደስ አለኝ። "በቃ፣ ለካ የእውነት ዓይኗ ነበር" እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

እስከ ባለፈው ማክሰኞ ድረስ...

ኬብል ፈልጌ ስቶር ወረድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። እታለም ጀርባዋን ሰጥታኝ የላይኛውን መደርደሪያ አንጋጣ ታያለች። ካርቶኖቹ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ከታች ሆና እያነበበች መዝገብ ላይ ትጽፋለች።

መነጽሩ ጠረጴዛው ላይ ነው።

እኔ እንኳ ከቆምኩበት ጽሑፉ አልታየኝም።

ቀስ ብዬ መነጽሩን አንስቼ ዓይኔ ላይ አደረግኩት።

ምንም የተለወጠ ነገር የለም... ተራ መስታወት ነው!

"እታለም... ይሄ ምንድን ነው?"

ዞረች። ደነገጠች። ከዚያ ፈገግ አለች።

"አስቀምጠው፣ እንዳትሰብረው። ዓይኔ ደክሟል ብዬ ወርጄ፣ ሰው ያለ መነጽር ሲያየኝ ምን ይላል?"

"ታዲያ ዓይንሽ..."

"አንተ 'ታዪ' ያልከኝ ሳምንት ሐኪም ጋ ሄድኩ። 'ዓይንሽ ከእኔ ዓይን ይሻላል' አለኝ። እንግዲህ ከእኔ ካልሆነ ከስክሪኑ ነዋ።"

"አውቀሽ ነው እንዴ ያን ቀን ያልተናገርሽው?"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ከዚያ በፊት በነበረው ወር ፋይል አጥፍተህ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደርሶህ የለ? ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። 'ከዚህ በኋላ አንድ ጥፋት ቢፈጽሙ ከሥራ እንደሚሰናበቱ እናሳስባለን' የሚለውን በእነዚህ ጣቶቼ ነው የመታሁት። ባለቤትህ ያኔ አራስ ናት። እኔ ቢበዛ ምድር ቤት ብወርድ ነው... አንተ ግን የት ትወድቃለህ?"

ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

"እታለም... ጥፋቱ የእኔ ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ" አለች። "ትመጣለህ ብዬ ስጠብቅህ ነበር። ሰባት ወር ቆየህ እንጂ።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"አሁኑኑ ወጥቼ ለሥራ አስኪያጁ እናገራለሁ" ብዬ ተነሳሁ።

እጄን ያዘችኝ። "እንዳታደርገው! አንተ ከተባረርክማ እኔ ለምን ወረድኩ?"

እና ታውቃላችሁ የሚያሳፍረኝ ምኑ እንደሆነ? "እንዳታደርገው" ስትለኝ... በእፎይታ ተነፈስኩ።

ወዳጆቼ... አንዳንዱ በደል ክፉ ቃል አያስፈልገውም። ሰው ጥፋታችንን ሲሸከምልን አፋችንን ዘግተን ማየት ብቻ ይበቃዋል። እሷ ዝም ያለችው እኔን ለማዳን ነው። እኔ ዝም ያልኩት ራሴን ለማዳን ነው። ሁለታችንም ዝም አልን... የሁለታችን ዝምታ ግን ለየቅል ነው።

ለሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ዘርዝሬ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ከላኩት ቤቴ ያሉት ሁለቱ፣ ሚስቴና ልጄ፣ ምን እንደሚበሉ አላውቅም። ካልላኩት ደግሞ እታለም ነገም ያንን መስታወት ዓይኗ ላይ ሰክታ ደረጃውን ትወርዳለች።

እናንተ ብትሆኑ ትልኩታላችሁ... ወይስ እሷ እንዳለችው ትተዉታላችሁ?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ደግሞ አትራሩልኝ።