የማማው ተረኛ

ዘመንን የሚሰፍር፣ የተኛውንም የነቃውንም የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። በሸዋ ሮቢት ቆላ፣ ሙቀቱ ከቤት ባስወጣቸው ምሽት፣ አያትየው ደጅ በወጣው የጠፍር አልጋ ጠርዝ ተቀምጠው ለልጅ ልጃቸው ተረት በተረት ላይ ይደርቡ ነበር። ሕፃኗ ግን፣ የአጣዬው ቤታቸው እርሷ ተኝታ ሳለች ከተቃጠለ ወዲህ፣ እንቅልፍን ትፈራለች።

«አንቺ ልጅ፣ የተረቱ ጅብ እንኳ ተኛ እኮ!» አሏት።

«ጅብማ ቀን ነው የሚተኛው፣ አባባ። ሁላችን ከተኛን ቤቱን ማን ይጠብቃል?»

ከደጁ ማዶ ያለው ማሽላ በጨለማ ውስጥ እንደ ሕልም ይንሾካሾክ ነበር። ያን ጊዜ እጇን አዩ፤ ቀን ማማው ላይ ሆና ወፍ የጠበቀችበትን ወንጭፍ ደረቷ ላይ ጨብጣለች። ተረኛው ወንጭፉን ሳይቀበል ጠባቂ እንደማያርፍ ያስተማሯት ራሳቸው ነበሩ፤ ከማማው ሲያወርዷት ግን መቀበሉን ዘነጉት። ተነሥተው ነጠላቸውን አደገደጉ፤ ሁለት እጃቸውንም ዘረጉ።

«ተራው የእኔ ነው፤ አስረክቢኝ።»

ወንጭፉን መዳፋቸው ላይ አኖረችው። «እንዳይተኙ፣ አባባ» አለች፤ እጇ ገና ሳይታጠፍ እንቅልፍ ወሰዳት። እርሳቸውም ወንጭፉን እንደያዙ፣ የተረቱን መጨረሻ ለከዋክብት ተረኩ።

አንባቢ ሆይ፣ የቤትህ ሕፃናት በሰላም ይተኙ፤ የማያንቀላፋው ጠባቂ ከደጅህ አይራቅ። አሜን።