ዘጠኝ የተጻፈበት ሰው

በ1970 ዓ.ም. አለምብርሃን የምትሠራበት የድሬዳዋ መዝገብ ቤት አንድ ራስ ምታት ነበረበት። ቀበሌዎቹ የነዋሪ ዝርዝር ሲልኩ አንዱ ጸሐፊ በአማርኛ፣ የመጋላ ሰፈሩ በዓረብኛ ፊደል፣ ጡረታ የወጣው የባቡር ሠራተኛ ደግሞ በፈረንሳይኛ ይጽፋል። ያ ሁሉ አዲስ አበባ ሄዶ ወደ ኮምፒውተር ማሽን ይገባና ተመልሶ ለባቡር ጣቢያ ጠባቂዎች ይታደላል። ከጠባቂዎቹ ግማሾቹ አማርኛ ማንበብ አይችሉም።

አለምብርሃን መላ ዘየደች። ከዝርዝሩ ላይ ቃል የሚባል ነገር አወጣችና ሁሉንም ቁጥር አደረገችው። ከሰውየው የመታወቂያ ቁጥር ጎን አንድ አኃዝ ይገባል፤ አንድ ነዋሪ፣ አራት ተፈላጊ፣ ዘጠኝ የሞተ። ሶማሌውም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም፣ ማሽኑም እኩል ያነቡታል። ዘጠኝ የሆነውን ማሽኑ ይሰርዘዋል። ከዚያ ወዲያ ፈላጊ የለውም።

አለቆቿ በጣም አመሰገኗት። እሷ ግን በዚያው ሰሞን የጎረቤቷን የዚነትን ልጅ ሹክሪን ከአራት ወደ ዘጠኝ አዛወረችው። ልጁ አልሞተም። ከታወቀባት የምትሞተው እሷ ናት።

አንድ ቀን በቀትር፣ ከተማው ሙቀቱን ሸሽቶ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ አብዮት ጥበቃው ጓድ ጉግሳ ብቻውን ከች አለ። ከትከሻው የማይለየውን ጠመንጃ አልያዘም። ለአንዲት ሴት ምን ያደርጋል ብሎ ይሆናል። በሩን ዘጋው። በድሬ ሙቀት በር የሚዘጋ ሰው ደግ ነገር ይዞ አይመጣም።

"ጓድ አለምብርሃን፣ ሹክሪ ሞቷል አይደል?"

"ዝርዝሩ እንደዚያ ይላል፣ ጓድ።"

"ትናንት ቢዮ አዋሌ ገበያ ፍየል ሲገዛ አየሁት።"

"ሰው ከሰው ይመሳሰላል" አለች።

"ወላሂ፣ ሰላም ብሎኛል። ሙት ሰላም ይላል እንዴ?"

አለምብርሃን ፈራች። ቤት ያሉት ሁለት ልጆቿ ትዝ አሏት፤ ምሳቸውን እንኳ አልበሉም።

"ማሽኑ ዘጠኝ ሲያይ ለምን ብሎ ይጠይቃል?" አላት ጉግሳ።

"አይጠይቅም።"

"የሞት ወረቀትስ?"

"ቁጥሩን ብቻ ነው የሚያየው።"

"ይህን ሌላ ማን ያውቃል?"

"እኔ ብቻ ነኝ። ዚነትን አይንኩብኝ፣ ምንም አታውቅም" አለች፤ እንባዋም መጣ። በቃ፣ በገዛ አፏ አመነች።

ጉግሳ በመስኮቱ መንገዱን አየት አደረገና ላቡን ጠረገ።

"ዝርዝሩ መቼ ነው የሚሄደው?"

"በዛሬው ባቡር።"

"እስክሪብቶሽን አንሺ።"

ቃሏን ሊያስጽፋት መሰላት። አነሳች። ጉግሳ ከደረት ኪሱ አንድ መታወቂያ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት።

"እህቴ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ይህንንም ነገ አራት ሳያደርጉት ዘጠኝ አድርጊልኝ።"

መታወቂያው የራሱ የጉግሳ ነበር።