የጠፋው ቢጫ

ዳናዊት የፕሪንተሩን ክዳን ከፍታ በስልኳ መብራት ውስጡን ታያለች። ማሽኑ ወረቀት ሊስብ ሲነሳ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው ይንቀጫቀጭና ቀይ መብራት አብርቶ ይቆማል።

"ተበላሽቶ ነው?" ትላለች አሚራ ከኋላዋ ቆማ። ጃኬቷን አላወለቀችም። የመንገድ ቦርሳዋ በሩ አጠገብ ነው።

"ቆይ።"

ሶኬቱን ትነቅልና ወረቀት ከሚስበው ጎማ ሥር በቅንድብ መንቀያ ትፈልጋለች። አንድ የስንዴ ፍሬ ታወጣለች። ከላይ መደርደሪያው ላይ ከዲክሲስ ወረዳ የመጡ የስንዴ ናሙናዎች በፌስታል ተቀምጠዋል፤ ከአንዱ ወድቆ መሆን አለበት።

አሚራ ትስቃለች። "ወላሂ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?"

ዳናዊት አትስቅም። ሁለቱም የግብርና ባለሙያዎች ናቸው፤ ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛቸው ጎን ለጎን ነው። ዳናዊት ስንዴን የሚመታውን ቢጫ ዋግ ለማጥናት ሁለት ክረምት ሙሉ በዲክሲስ ማሳዎች ዞራለች። አሚራ የተቀላቀለቻት በሁለተኛው ክረምት ነው። ነገ ጠዋት ጥናቱን አዲስ አበባ ውስጥ በግድግዳ ላይ ለጥፋ የምታቀርበው ግን አሚራ ናት። ኃላፊያቸው አቶ ኃይለየሱስ "አሚራ ንግግር ትችላለች" አሉ፤ በቃ፣ አለቀ። ጥሩ ካቀረበች ለሁለተኛ ዲግሪ ውጭ ትላካለች እየተባለ ነው።

ዛሬ እሁድ ስለሆነ ከተማው ውስጥ በቀለም የሚያትም ቤት ሁሉ ዝግ ነው። አሚራም በስምንት ሰዓት መኪና መያዝ አለባት። ለዚህ ነው ዳናዊት ቤት የመጣችው።

ማሽኑ አሁን ድምፁን አጥፍቶ ይሠራል። መጀመሪያ የሚወጣው የቅጠሉ ፎቶ ነው። ዳናዊት ጭቃ ውስጥ ተንበርክካ፣ ስልኳን ከካፊያው በነጠላዋ ጋርዳ ያነሳችው ፎቶ። ወረቀቱን ስታየው ቅጠሉ ወደ ሰማያዊ አድልቷል፤ የዋጉ መስመሮች ገርጥተው ነጭ ሆነዋል። ውርጭ የመታው ስንዴ ይመስላል።

የመሞከሪያውን ገጽ ታትማለች። ጥቁሩ፣ ሰማያዊውና ሮዙ በየመስመራቸው አሉ። ቢጫው መሆን የነበረበት ቦታ ባዶ ነው።

ነገሩን ታውቀዋለች። ቀለሙ አላለቀም፤ በጎን በኩል ማጠራቀሚያው ውስጥ ግማሽ ድረስ ይታያል። በቀለም ካተመች ሁለት ወር ስላለፋት የሚረጭበት ቀዳዳ ላይ ደርቆ ነው። ማሽኑ ራሱን እንዲያጸዳ ሁለት ሦስቴ ማዘዝ ብቻ ነው። አሥር ደቂቃ።

"ቢጫው ሞቷል" ትላለች።

"ምንም አይደረግም?"

"ምንም።"

እንዲህ ቀላል ይሆናል ብላ አላሰበችም ነበር። አሚራ እስክትነጫነጭ፣ ወይ አቶ ኃይለየሱስ ዘንድ እስክትደውል ትጠብቃለች። አሚራ ግን ሰዓቷን ብቻ ታያለች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ካለው ብርጭቆ ውስጥ ቢጫ ማድመቂያ እስክሪብቶ ታነሳለች።

"ልጠቀምበት?"

ወንበር ስባ ትቀመጥና ነጭ የሆነውን መስመር ማቅለም ትጀምራለች። ቢጫውን በቅጠሉ ላይ አግድም ታስኬደዋለች፤ እዚህም እዚያም ትልልቅ ነጥብ ትጨምርበታለች።

ዳናዊት ፊቷን ልታዞር ትሞክራለች፤ አልሆነላትም።

"ዋጉ እንደዚያ አይሄድም።"

"እንዴት ነው የሚሄደው?"

"ጅማቱን ተከትሎ ነው። ቁመቱን። የስፌት መኪና እንደሰፋው፣ ቀጭን ሆኖ።"

አሚራ እስክሪብቶውን ታነሳለች። "አየሽ፣ ይሄን እንኳ አላውቅም። ነገ አንዱ ተነስቶ ቢጠይቀኝስ? ከሐሙስ ጀምሮ ምግብ አልበላ ብሎኛል።"

ዳናዊት ይህን መስማት ትፈልግ ነበር። ስትሰማው ደስ ይላታል፣ ትንሽ። ወዲያው ደግሞ ያ የተሳሳተ ቅጠል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ዙሪያውን ሰዎች ቆመው ሲያዩት ይታያታል። የእሷ ቅጠል ነው። የእሷ ጉልበት ነው ጭቃው ውስጥ የነበረው።

ወደ ፕሪንተሩ ሄዳ የማጽጃውን ትእዛዝ ትሰጠዋለች። ማሽኑ ያጉረመርማል፣ ውሃ እንደሚውጥ ሰው ድምፅ ያሰማል።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"እያጸዳሁት።"

"ምንም አይደረግም አልሽኝ እኮ።"

"ብዬሻለሁ።"

አሚራ ረጅም ጊዜ ታያታለች። ከዚያ የእስክሪብቶውን ክዳን ትገጥመዋለች። ክዳኑ ቀጭ ይላል።

በሁለተኛው ማጽዳት ቢጫው ተቆራርጦ ይወጣል፤ በሦስተኛው ሙሉ ይሆናል። ፎቶውን እንደገና ስታትመው ዋጉ ጅማት ጅማቱን ይዞ ቀስ እያለ ይመጣል። አሚራ ወረቀቱን ጠርዝ ጠርዙን ይዛ እስኪደርቅ ትጠብቃለች። ሌሎቹንም ገጾች ሰብስባ ፋይል ውስጥ ትከታቸዋለች።

ቦርሳዋን አንስታ በሩ ላይ ትቆማለች። "ሰው ጥያቄ ቢጠይቀኝ፣ ብደውልልሽ ታነሺያለሽ?"

"አነሳለሁ።"

"እሺ" ትላለች አሚራ። ወትሮ ስማት ትሄድ ነበር፤ ዛሬ አትስማትም።

ዳናዊት መስኮቱ ጋ ትሄዳለች። አሚራ ፋይሉን ጃኬቷ ውስጥ ሸጉጣ ወደ አስፋልቱ ትወርዳለች። የጭላሎ ተራራ አይታይም፤ ደመናው ወደ ከተማው እየወረደ ነው። እንዲህ ያለ የፕሪንተር ቀለም የውሃ ጠብታ ከነካው እንደሚሟሟ ዳናዊት ታውቃለች። ሰማዩን ታያለች፤ ቶሎ እንዲዘንብ ይሁን እንዳይዘንብ የምትመኘው ለራሷም አይገባትም።

አንድ ባጃጅ ይቆማል፤ አሚራ ጎንበስ ብላ ትገባለች። ባጃጁ ጥጉን ሲታጠፍ የመጀመሪያው ጠብታ የመስኮቱን መስታወት ይመታል። ዳናዊት ያን ጊዜ ነው የተነፈሰችው።